ሁለተኛው ታይምሼር በ1 ዶላር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ዛሬ የምናወራው ስለ ታይምሼር ነው፤ ያውም ስለ ሁለተኛው ታይምሼር።

ነገሩን ያነሱልን በቨርጂኒያ የሚኖሩ አንዲት እህታችን ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ፣ ማሳኑተን አካባቢ፣ የአንድ ሳምንት ታይምሼር ከባለቤቱ እጅ በጥቂት መቶ ዶላር ገዝተዋል። ወደውታልም። ከቤታቸው በመኪና የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ሙሉ ኩሽና ስላለው በጾምም ቢሆን ሽሯቸውን ሠርተው ይበላሉ፤ እናታቸው ከአዲስ አበባ ሲመጡ የራሳቸው መኝታ ቤት ያገኛሉ፤ ልጆቹ ውሃው ውስጥ ሲንቦጫረቁ ይውላሉ። አሁን ደግሞ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ላይ አንድ አይተዋል። ዋጋው 1 ዶላር ነው። «ባለቤቴ ተይው ይለኛል፤ እኔ ግን በ1 ዶላር ምን እከስራለሁ እላለሁ» ብለው ጽፈውልናል።

እኔ በዚህ ክርክር ከባልየው ጋር ነኝ። ለምን እንደሆነ ግን ጊዜ ወስደን እንየው፤ ምክንያቱም መልሱ «ታይምሼር ሁሉ ማጭበርበር ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር አይደለም። የመጀመሪያው ጠቅሟቸዋል። ለሌላ ቤተሰብ ሁለተኛውም ሊጠቅም ይችላል።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ ባጭሩ ልበል። ታይምሼር አንድን የእረፍት ቤት ለብዙ ሰው ከፋፍሎ መሸጥ ነው። በድሮው ዓይነት ሳምንት ትገዛላችሁ፤ ዓመቱ በ52 ሳምንት ይቆጠርና አንዱ ሳምንት የእናንተ ይሆናል። በአዲሱ ዓይነት ነጥብ ትገዛላችሁ፤ በየዓመቱ የሚሰጣችሁን ነጥብ ቦታ ከተገኘ በመረጣችሁት ጊዜ ትጠቀሙበታላችሁ። በቀጥታ ከኩባንያው ሲገዛ በአማካይ ከ20,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። ላስ ቬጋስ ስትሪፕ ላይ «የሾው ቲኬት በነጻ ልስጥህ፣ 90 ደቂቃ ብቻ ተቀመጥልኝ» የሚል ሰው ያስቆማችሁ ታውቁታላችሁ። የዚያ ሰው ደሞዝ፣ የቲኬቱና የቁርሱ ወጪ፣ የሻጩም ኮሚሽን ሁሉ እዚያ ዋጋ ውስጥ ነው ያለው። ለዚህ ነው ያው ቤት ከመጀመሪያው ገዢ እጅ ሲሸጥ ዋጋው እንዲያ የሚያሽቆለቁለው። ስለዚህ ታይምሼር የሚገዛ ሰው ከባለቤቱ ላይ ይግዛ የሚለው ምክር ትክክል ነው። እህታችንም ይህን ያውቃሉ።

የማያውቁት ግን አለ። በ1 ዶላር የሚሸጥ ሰው አላበደም። ግዴታውን ነው የሚያስረክባችሁ።

የላኩልንን ማስታወቂያ አብረን እናንብበው። «ኦርላንዶ። ባለ ሁለት መኝታ፣ 8 ሰው ያስተኛል። 37ኛው ሳምንት፣ በየዓመቱ። ዋጋ 1 ዶላር። የስም ማዞሪያና የሰነድ ወጪ በገዢው። የመጪው ዓመት ክፍያ በገዢው።»

«8 ሰው ያስተኛል» የሚለው ሳሎን ውስጥ የሚዘረጋውን ሶፋ ቆጥሮ ነው። ጀርባ የሚያማቸው እናት ያሏችሁ ሰዎች ስድስት በሉት። «37ኛው ሳምንት» ደግሞ ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ይውላል። ለእኛ እንቁጣጣሽ ነው፤ ደስ ይላል። ነገር ግን የቨርጂኒያ ልጆች ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ናቸው። ፍሎሪዳ ደግሞ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የሚዘልቅ የአውሎ ነፋስ ወቅት አላት፤ ወቅቱ የሚበረታው በዚያው በሴፕቴምበር ነው። ሻጩ የራሱን ልጆች ይዞ መሄድ ያቃተውን ሳምንት ነው ለእህታችን የሚያቀርበው። «የስም ማዞሪያና የሰነድ ወጪ» የሚለውን ስንጠይቅ ወደ 600 ዶላር ሆነ። የዓመቱ ክፍያ 1,250 ዶላር ነው። እንግዲህ የ1 ዶላሩ ቤት ቁልፉ እጃችሁ ሳይገባ 1,851 ዶላር በላ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ዓመታዊው ክፍያ እንምጣ፤ ሜንቴናንስ ፊ የሚሉት። የዚህ ሁሉ ነገር ልብ እሱ ነው። የጽዳቱ፣ የጣሪያው፣ የመዋኛው፣ የኢንሹራንሱና የግብሩ ድርሻችሁ ነው። ሄዳችሁም ቀራችሁም ትከፍላላችሁ። እንደ ዕድር መዋጮ ነው፤ ዘንድሮ ቤቴ ለቅሶ አልነበረም ብሎ የሚቀር የለም። ከዕድር ግን በሁለት ነገር ይለያል። መዋጮው በየዓመቱ ይጨምራል፤ ልውጣ ስትሉ ደግሞ የሚተካችሁን ሰው ፈልጋችሁ ማምጣት ያለባችሁ እናንተው ናችሁ። ጣሪያው በማዕበል ከተነሣና ኢንሹራንሱ ካልሸፈነው ስፔሻል አሰስመንት የሚሉት ተጨማሪ መዋጮ ይመጣል። ካልከፈላችሁ ጉዳዩ ለዕዳ ሰብሳቢ ይሰጣል፤ ክሬዲታችሁን ያበላሻል።

ክፍያው በየዓመቱ በ5 ከመቶ ቢያድግ ብለን እናስላ። ዘንድሮ 1,250 የሆነው በ10ኛው ዓመት ወደ 1,940 ዶላር ይደርሳል። የ10 ዓመቱ ድምር ወደ 15,700 ዶላር ነው። ስለዚህ እህታችን «በ1 ዶላር ልግዛ?» ብለው ራሳቸውን ሲጠይቁ፣ ጥያቄው «የ15,700 ዶላር ውል ልፈርም?» መሆን ነበረበት። እንዲህ ሲባል ባልና ሚስት የሚጨቃጨቁበት ነገር የሚቀንስ ይመስለኛል።

ገንዘቡ ይሁን እንበል። የሚቀጥለው ጥያቄ ጊዜ ነው፤ ለእኛ ሰው ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ይከብዳል። እህታችን በዓመት 15 የሥራ ቀን እረፍት አላቸው። አንድ ሳምንቱን ማሳኑተን ወስዶታል። በየሁለት ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ለአምስት ሰው ቲኬት ቆርጦ ለአንድ ሳምንት የሚሄድ የለም፣ ሦስቱም ሳምንት እዚያው ያልቃል። ያን ዓመት የመጀመሪያው ታይምሼር ራሱ ባዶውን ያድራል። በዚያ ላይ ጁላይ አለ። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ውድድር በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ነው የሚካሄደው፤ ከተማው ደግሞ ይቀያየራል። ኳሱን፣ ከኳሱም በላይ የድሮ ጓደኛ ማግኘቱን የማይተው ቤተሰብ፣ በ26ኛውና በ27ኛው ሳምንት የትም የተቆለፈ ቤት አይጠቅመውም። የእኛ ገና የሚውለው በ1ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ያኔ ደግሞ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ሻጮች በወርቅ ቀለም የሚጽፏቸው ሳምንቶች ከእኛ የቀን መቁጠሪያ ጋር ብዙም አይገጥሙም። የቀን መቁጠሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት በትክክል የት እንደነበራችሁ ምልክት አድርጉበት። ለወደፊት ያሰባችሁትን ተዉት፤ ሁላችንም ለወደፊት ብዙ እንዝናናለን።

«በማልሄድበት ዓመት ሳምንቱን እቀይረዋለሁ» የሚል አድማጭ ይኖራል። ልክ ነው፣ ሳምንትን አስረክቦ በሌላ ቦታ የሚቀይሩ ድርጅቶች አሉ። አርሲአይ በ1974፣ ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል በ1976 የተቋቋሙት ለዚሁ ሥራ ነው። የአባልነት ክፍያ አላቸው፤ ለእያንዳንዱ ቅያሬ ደግሞ ከ200 ዶላር በላይ ይጠየቃል። የምታገኙት በሰጣችሁት ልክ ነው። ሴፕቴምበር ላይ ያለ የኦርላንዶ ሳምንት አስረክቦ በፋሲካ ሰሞን የሃዋይ ባሕር ዳርቻ መጠበቅ አይሆንም። ኦርላንዶ በታይምሼር የተጥለቀለቀች ከተማ ናት፤ የእናንተን ሳምንት የሚናፍቅ ሰው ብዙም የለም።

ይልቅ ሌላ በር አለ። ልክ እንደ እህታችን መሄድ ያልቻሉ ባለቤቶች ሳምንታቸውን ያከራያሉ፤ ብዙዎቹ የሚጠይቁት የዓመት ክፍያቸውን የሚመልስላቸውን ያህል ነው። ያንኑ ባለ ሁለት መኝታ ቤት፣ በመረጣችሁት ሳምንት፣ ከአንድ ባለቤት በ1,300 ዶላር ተከራዩ እንበል። በማትሄዱበት ዓመት ምንም አትከፍሉም። እህታችን ግን ገዝተው በየሁለት ዓመቱ ብቻ ቢጠቀሙ፣ ለተኙበት ለያንዳንዱ ሳምንት ወጪያቸው ከ2,500 ዶላር ያልፋል። መከራየት እየተቻለ ይህን መፈረም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ነው።

(ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ)

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሻገር፤ ሁለተኛ መግዛት የሚያዋጣው ሰው አለና። በየዓመቱ አንድ ቦታ የሚሄድ፣ ለዚያም በየዓመቱ ኪራይ የሚከፍል ሰው ማለቴ ነው። የዲዝኒን ቫኬሽን ክለብ እንውሰድ፤ በ1991 የተጀመረ የነጥብ ታይምሼር ነው። ውሉ ለዘላለም አይደለም፤ ቦርድዎክንና ቢች ክለብን የመሳሰሉት ቪላዎች ውል በጃንዋሪ 2042 ያበቃል። እኔ ይህን እወድለታለሁ፤ መጨረሻው የሚታወቅ ነገር ለልጅ ዕዳ ሆኖ አይተላለፍም። ለምሳሌ 150 ነጥብ፣ ነጥቡን በ100 ዶላር ሒሳብ፣ በ15,000 ዶላር ከባለቤት ገዛችሁ። ውሉ ሊያበቃ 16 ዓመት ቢቀረው በዓመት ወደ 940 ዶላር ይደርሳል። የዓመት ክፍያውን በነጥብ 9 ዶላር ብታደርጉት 1,350 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 2,290 ዶላር አካባቢ። ያንኑ 150 ነጥብ በነጥብ 20 ዶላር ብትከራዩ 3,000 ይሆናል። በየዓመቱ ለሚሄድ ቤተሰብ መግዛቱ ያዋጣል ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሄዶ አንድ ዓመት ለሚቀር ግን ብልጫው ይጠፋል።

ያላችሁ ነጥብ ስቱዲዮ ብቻ የሚያስይዝ ሆኖ፣ ልጆች አድገው ባለ አንድ መኝታ ካስፈለጋችሁም ሁለተኛ መግዛት ሊያዋጣ ይችላል። እዚያው ክለብ ውስጥ ትንሽ ውል መጨመር አዲስ ቦታ ከመግዛት የተሻለ ነው፤ አሠራሩን አውቃችሁታልና። ግን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ዩዝ ይር የሚሉት፣ ነጥባችሁ በየዓመቱ የሚታደስበት ወር ነው። ሁለተኛው ስም ነው። የሁለቱ ውሎች ወርና ስም ካልተመሳሰለ አዲሱ በሌላ አባልነት ይመዘገባል፤ ነጥቡን ከበፊቱ ጋር እንደልብ ማደባለቅ አይቻልም። ስም ላይ የእኛ ሰው ችግር አለበት። ሚስት የባሏን ስም አትይዝም፤ አንዱ ሰነድ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም፤ ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ይጻፋል። የመጀመሪያውን የባለቤትነት ሰነድ አውጥታችሁ፣ እያንዳንዱን ፊደል እዚያ ላይ እንዳለው አስጽፉ።

ከባለቤት የሚገዛ ሰው ሁሉንም መብት አይወርስም፤ ይህንንም በደንብ ያዙልኝ። ዲዝኒ ከጃንዋሪ 19፣ 2019 ወዲህ ከባለቤት በተገዛ ነጥብ ሪቪዬራን ወደመሳሰሉት አዳዲስ ሪዞርቶቹ መግባት ከልክሏል። ማሪዮትም በ2010 ወደ ነጥብ ሲሻገር፣ ከዚያ ዓመት ጁን 20 በኋላ ከውጭ የተገዙ ሳምንቶች ወደ ነጥቡ እንዳይገቡ መስመር አስምሯል። ሌሎቹም የየራሳቸው ክልከላ አላቸው፤ ደንቡን ደግሞ በፈለጉ ጊዜ ይለውጡታል። ሻጩ «እኔ በዚህ ሃዋይ ሄጃለሁ» ቢላችሁ አልዋሸም ይሆናል፤ እናንተ ግን ላትሄዱ ትችላላችሁ። ለሪዞርቱ ደውሉና «እኔ ከባለቤት ብገዛ ምን ይቀርብኛል?» በሉ፤ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ከወሰናችሁ በኋላ ያለው ሥራ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከሪዞርቱ ኤስቶፕል የሚባል ደብዳቤ ይወጣል፤ ሻጩ ውዝፍ ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት፣ የዘንድሮው ሳምንት ወይም ነጥብ ተበልቷል አልተበላም፣ እዚያ ላይ ታገኙታላችሁ። ገንዘቡን በዜል ለሻጩ አትላኩ፤ ስም የሚያዞረው ድርጅት በአደራ ይያዘው፣ ሰነዱም በካውንቲው መዝገብ ይግባ። እንደ ዲዝኒ ያሉ ኩባንያዎች ቀድሞ የመግዛት መብት ስላላቸው የእነሱን መልስ መጠበቅ አለ። ከኩባንያው የገዛ ሰው በፍሎሪዳ 10 ቀን፣ በኔቫዳ 5 ቀን ሐሳቡን የሚቀይርበት ጊዜ ሕጉ ይሰጠዋል። ከግለሰብ ስትገዙ ግን ያ መከታ አለኝ ብላችሁ አትፈርሙ።

ሁለት ታይምሼር ያለው ሰው ሁለት እጥፍ ስልክ ይደወልለታል። የባለቤትነት ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ስማችሁን ማንም ያገኘዋል። «ታይምሼርህን በ30,000 ዶላር የሚገዛ ሰው አለኝ፤ የግብሩን 2,000 ብቻ ቀድመህ ላክ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ስልኩን ዝጉት። ይህ የመንደር ሌባ ሥራ ብቻ አይደለም። ሜክሲኮ ውስጥ ፖርቶ ቫያርታ አካባቢ ያለው የሃሊስኮ የዕፅ ካርቴል ገብቶበታል፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤት በዚህ የተነሣ ከ2023 ጀምሮ ሰዎችና ድርጅቶች ላይ ማዕቀብ ጥሏል። ኤፍቢአይ እንዳለው ከ2019 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ወደ 6,000 የሚሆኑ አሜሪካ ያሉ ሰዎች በሜክሲኮ የታይምሼር ማጭበርበር ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ተበልተዋል። ብዙዎቹ ታይምሼራቸውን መሸጥ የፈለጉ ሽማግሌዎች ናቸው።

ሌላ ደግሞ፣ ሰነዱ ላይ የልጆቻችሁን ስም አታስገቡ። በቅንነት «ለልጆቼ ይሁን» የምትሉ አላችሁ። ስሙ ከገባ ክፍያውም የእነሱ ነው። ስማቸው ከሌለበት፣ ጊዜው ሲደርስ ውርሱን አልቀበልም የማለት መብት አላቸው። በኪሳራ ብትሸጡት ደግሞ ለራሳችሁ የተዝናናችሁበት ንብረት ስለሆነ ኪሳራው ከግብር አይቀነስላችሁም።

ለእህታችን ያለኝ መልስ ይሄ ነው። ይህን ማስታወቂያ ይተዉት። ኦርላንዶን ልጆቹ ከወደዱት፣ አዲስ አበባ በማይሄዱበት በሚቀጥለው በጋ ከአንድ ባለቤት ይከራዩና ይዩት፤ ከዚያ በኋላም ደግሞ አንድ ጊዜ። ከሁለት ኪራይ በኋላም አሁንም ልግዛ ካሉ፣ በየዓመቱ የሚለውን ትተው በየሁለት ዓመቱ የሚያስኬደውን ዓይነት ይፈልጉ። ኢቭን ወይም ኦድ ይር ተብሎ ይጻፋል፤ አንዱ በሙሉ ቁጥር ዓመት፣ ሌላው በጎዶሎው ይሠራል። አዲስ አበባ የሚሄዱት በጎዶሎው ዓመት ከሆነ ባለ ሙሉውን ይግዙ። ክፍያውም በሁለት ዓመት አንድ ሳምንት ላይ ነው የሚሰላው፤ አንዳንዱ ሪዞርት በየዓመቱ ግማሹን ይጠይቃል፣ ሌላው በተራው ዓመት ሙሉውን። ሳምንቱ ደግሞ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ይሁን።

የሚሸጥ ማፈላለጉንም ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ አድርጉት። የብዙ ሪዞርቶች የዓመት ክፍያ ጃንዋሪ ላይ ስለሚጠየቅ፣ መገላገል የፈለገ ሰው ማስታወቂያውን የሚያወጣው ያኔ ነው። «የመጪውን ዓመት ክፍያና የስም ማዞሪያውን አንተ ከቻልክ እወስደዋለሁ» ብላችሁ ጠይቁት፤ እምቢ ካለ ቀጣዩን ደውሉ፣ ሞልቷል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)